ሯጭ ሆነን ተወለድን ወይስ ታሪክ ሯጭ አደረገን?

እኔ በምኖርበት በኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር፣ «ከየት ነህ?» ለሚል ፈረንጅ «ከኢትዮጵያ» ብሎ የመለሰ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። «ታዲያ ጥሩ ሯጭ ነሃ!» ይባላል። ጎልማሳ ይሁን አዛውንት፣ ሆዱ ቀበቶውን አልፎ የወጣም ቢሆን ለውጥ የለውም። መቼም ሙገሳ ነውና ፈገግ ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ የሚያሳስበኝ ፈረንጁ እንዲህ ማለቱ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ከልባችን ማመናችን ነው። ሩጫ በደማችን ውስጥ ያለ፣ ብስክሌት ደግሞ የሌላ ሕዝብ ጉዳይ እንደሆነ አድርገን ደምድመናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ክርክሩን ከራሴ ልጀምር። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት እዚያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ የቀን ሠራተኛውም ይጋልባል። የራሱ የሌለው በደቂቃ እየከፈለ ይከራያል። እኔም ከሚከራዩት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ሃምሳን ተሻግሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከኢስትሙር ተነስቼ ቤክስሊን አቋርጬ «አለም ክሪክ» በተባለው ወንዝ ዳር (ስሙ ለእኛ ጆሮ «ዓለም» ይመስላል፤ ፈረንጁ ግን ለማለት የፈለገው ሌላ ነው) አንዳንዴ በእግሬ፣ አንዳንዴ በብስክሌት እሄዳለሁ። ውጤቴን በሐቅ ልናገር፦ 10 ኪሎ ሜትር ከ58 ደቂቃ ባነሰ ሮጬ አላውቅም። ከዕድሜ እኩዮቼ ጋር ስሰለፍ ከወገብ በታች ነኝ። በብስክሌት ግን 160 ኪሎ ሜትር ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ እጨርሳለሁ፤ በሩጫ ጥለውኝ የሚሄዱት ሰዎች በብስክሌት ከኋላዬ ተጠግተው ከነፋስ ይጠለላሉ። ያው አንድ ልብ፣ ያው አንድ ሳንባ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልሱ ከፊሉ ፊዚክስ ነው። የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ መላ ሰውነቱን ወደ ላይ አንስቶ መልሶ ይቀበላል። ስለዚህ ኪሎ የጨመረ ሁሉ ዕዳ ነው፤ ከዕዳውም የከፋው በእግር ጫፍ አካባቢ ያለው ነው፣ እንደ ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው እሱ ነውና። በብስክሌት ላይ ግን ክብደትን ኮርቻው ይሸከመዋል፤ አንዱ እግር ሲወርድ ሌላውን ያነሳዋል። በሜዳ መንገድ የጋላቢው ዋና ጠላት አየር ነው፤ አየር ደግሞ ኪሎ አይመዝንም። እዚያ ላይ የሚያሸንፈው በጠቅላላ ብዙ ኃይል ያለው ሰው ነው። ዳገት ሲመጣ ሒሳቡ እንደገና ወደ ቀጭኑ ያጋድላል። እኔ 82 ኪሎ ነኝ፤ ኦሃዮ ደግሞ ሜዳ ነው። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ የስፔን ተመራማሪዎች የኤርትራን ምርጥ ሯጮች ከስፔን ምርጥ ሯጮች ጋር አነጻጽረው ነበር። ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ኤርትራውያኑ የበለጡት በቁጠባ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲሮጡ የሚፈጁት ኦክስጅን ያነሰ ነበር። ባታቸውም የቀጠነ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቀጭን ባት ለሯጭ ሀብት ነው፣ ለብስክሌተኛ ግን ይህን ያህል የሚያስገኝለት የለም። ጠንካራ ልብና ሳንባ ግን ለሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ «በደማችን ነው» የምንለው ነገር ግማሹ በየትኛውም መንገድ ሊውል የሚችል አቅም ነው። የትኛው መንገድ ላይ እንደሚውል የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ ከፊዚክስ ወጥተን ወደ ታሪክ የምንገባውም እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የላከቻቸው ተወዳዳሪዎች 12 ነበሩ፦ 8 በአትሌቲክስ፣ 4 በብስክሌት። ከሯጮቹ መካከል ማሞ ወልዴ ነበር፤ አዎ፣ ያው የሜክሲኮው ማሞ፣ ያን ጊዜ በ800 እና በ1500 ሜትር ገብቶ ከማጣሪያው ያላለፈው። በኋላ ስመ ጥር አሠልጣኝ የሆነው ንጉሤ ሮባም በአጭር ርቀት ሮጧል። ማራቶን የሮጡት ሁለቱ 29ኛ እና 32ኛ ወጡ። ብስክሌተኞቹ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ እና ኃይሉ ፋና ነበሩ። 187 ኪሎ ሜትር በሆነው የጎዳና ውድድር ብዙዎቹ አቋርጠው ሲወጡ የኢትዮጵያ ቡድን 9ኛ ሆኖ ጨረሰ። ውድድሩን ያሸነፈው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው፤ ጣሊያናዊ። ከወረራው ማብቂያ ገና 15 ዓመት ቢሆነው ነው።

እስቲ በዚያ ሳምንት ሜልቦርን ላይ አንድ ጋዜጠኛ «ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ለምን ይሆናሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን የሚል ይመስላችኋል? የያዘው ማስረጃ «ለብስክሌት» ያሰኘው ነበር።

የብስክሌታችን ምንጭ የት እንደሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ጎማ፣ ከለመደሪያ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሩጫ፣ ሯጭ፣ እሽቅድምድም ግን የራሳችን ናቸው። ዋናው በር አሥመራ ነበረች። ጣሊያኖች በ1937 እዚያ ውድድር ሲጀምሩ የአገሩን ሰው አላስገቡም። በ1939 ኤርትራውያንና ጣሊያኖች አንድ ላይ እንዲወዳደሩ ተደረገ፤ አሸናፊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ። የነጭን የበላይነት ለማሳየት የተሰናዳ መድረክ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈረሰ። በ1946 የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ፤ በ1952 ፌዴሬሽኑ መጣ፤ የአሥመራ ጉልበትም ከኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ገባ። በ1968 ሜክሲኮ እና በ1972 ሙኒክ የኢትዮጵያን ማልያ ለብሰው ከጋለቡት አንዱ የማነ ነጋሲ የኤርትራ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በ1993 ድንበሩ ተሰመረ። የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ከሁለቱ አገሮች መካከል የትኛው ይተርከው? አዲስ አበባ የእኔ ነው ለማለት ታፍራለች፤ አሥመራ ደግሞ ማልያውን አትወደውም። በእኔ ግምት ብስክሌትን የረሳነው ስላልቻልንበት ሳይሆን ማስታወሱ ስለሚያም ነው።

ሩጫው ሌላ ዕድል ገጠመው። ስለ ሮም 1960 ለእናንተ መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ የአበበ ባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ፣ የአክሱም ሐውልት አጠገብ ማፈትለኩ። ብስክሌተኞቻችንም ሮም ነበሩ፤ ማን ያስታውሳቸዋል? እኔ ማንሳት የምፈልገው ከአበበ ጀርባ ምን እንደነበረ ነው። ክቡር ዘበኛ ነበረ። ደመወዝ፣ ቀለብ፣ ጊዜ ነበረ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበረ። ከዚያ ወዲህም መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ እያሉ ክለቦች ሯጭን ቀጥረው አሳደሩ። ከአርሲ ወይም ከሰላሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ሁለት እግሩን ይዞ ይመጣና እንጀራ ያገኛል። ብስክሌት የሚጋልበው ልጅ ግን መጀመሪያ ብስክሌቱን ማግኘት አለበት፤ የእሽቅድምድም ብስክሌት ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው ወይስ የበጀት?

እዚህ ኮሎምበስም ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ተጠይቋል። ጄሲ ኦውንስ የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1936 በርሊን ላይ አራት ወርቅ ሲያገኝ ከአሜሪካ ቡድን አሠልጣኞች አንዱ የነበረው ዲን ክሮምዌል፣ በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥቁር በአጭር ርቀትና በዝላይ የሚበልጠው ከጫካ ኑሮ ከወጣ ብዙ ስላልቆየ ነው የሚል ማብራሪያ ሰጠ። ጥቁር ለረጅም ርቀት አይሆንም የሚለው እምነትም በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ረጅም ርቀት የፊንላንዶች ርስት ነበር። አበበ አንድ ሌሊት ላይ ያንን አፈረሰ። እኛ ግን ፍርስራሹን አንስተን ገልብጠን «ረጅም ርቀት የእኛ ደም ነው» የሚል አዲስ ቤት ሠራንበት። ብስክሌትም ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የነጭ ስፖርት ይመስላል፤ ነገር ግን ሜጀር ቴይለር የተባለው የኢንዲያናፖሊስ ጥቁር በ1899 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በስሙ የተሰየመው የመጀመሪያው የብስክሌት ክለብ በ1979 የተቋቋመው ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚሁ ኮሎምበስ ነው።

ሁለቱን ስፖርት በአንድ ገላ ያየንበት ሰው ካስፈለገ ዘርሰናይ ታደሰ አለ። ልጅ ሳለ ምኞቱ ብስክሌት ነበር፤ ተወዳድሮበታልም። ወደ ሩጫ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2004 አቴንስ ላይ ከቀነኒሳና ከስለሺ ቀጥሎ ነሐስ ወስዶ ለኤርትራ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አመጣ። በ2010 ሊዝበን ላይ ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ23 ሰኮንድ ሮጦ የዓለም ሪከርድ ያዘ። በተቃራኒው ካናዳዊው ማይክል ዉድስ አንድ ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች የሚሮጥ ልጅ ነበር፤ ጉዳት ሲያስቸግረው ብስክሌት ላይ ወጣ፣ በ2023 በቱር ደ ፍራንስ የፒዊ ደ ዶምን ዳገት አሸነፈ። ሁለቱም በመጀመሪያው ምርጫቸው ጸንተው ቢቀሩ ኖሮ ስማቸውን የምንሰማው አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጭኑ ወፍራም ነው፤ በብስክሌት እኔን ጥሎኝ መሄድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ግን አገሩን ከሰማ በኋላ 3200 ሜትር ካልሮጥክ አለው። ልጁ ከኋላ እየጨረሰ በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ ይከፋል፤ አንድ ቀን «አባዬ፣ እኔ ትክክለኛ ኢትዮጵያዊ አይደለሁም ማለት ነው?» አለኝ። ስለ ሜልቦርን ነገርኩት። የገረመውን ቡድን 9ኛ መውጣት ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ማርሽ ያለው ብስክሌት ነበራቸው?» የሚል ነው። ከሩጫው ቡድን በራሱ ፈቃድ ወጣ፤ አሠልጣኙ እስካሁን እንዳዘነ ነው።

አቅሙ እንዳለ ማስረጃው በዓይናችን ፊት ነው። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አሥመራ ከ1993 ወዲህ የራሷ ስትሆን፣ በኢትዮጵያ በኩል የብስክሌት ማዕከል የሆነችው መቀሌ ነበረች፤ በ2020 ጦርነቱ የወረደባትም እሷው ነች። የ2024ን ክረምት አስታውሱ። ሐምሌ ላይ የአሥመራው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። ነሐሴ ላይ ፓሪስ ውስጥ ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ገብቶ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ አሸነፈ። ኮሎምበስ ውስጥ ጡሩምባ የነፋነው ለእሱ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ እየሩ ተስፋኦም ገብሩ የተባለች የትግራይ ልጅ በብስክሌት ተወዳድራለች። የለበሰችው ማልያ የኢትዮጵያም የኤርትራም አልነበረም፤ የስደተኞች ቡድን ነበር።