ኪሳራ ላይ ያለ አክሲዮን

ዋጋው ከተገዛበት በታች የወረደ የአክሲዮን ድርሻ። ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር በኢትዮጵያ ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ምርጫው ከነጭራሹ ተዘጋ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባንክ ሲፈቀድም መደበኛ ገበያ አልነበረም። የወረኢሉ ነጋዴ ድርሻውን ልሽጥ ቢል ገዢውን ራሱ አፈላልጎ፣ ተዋውሎ፣ ዝውውሩን በኩባንያው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ማስፈር ነበረበት። ብዙው ሰው ያቆየው አምኖበት ሳይሆን መውጫ አጥቶ ነው።

ኪሳራውም በቀላሉ አይታይም። በ1,000 ብር የተገዛ ድርሻ ሰርተፊኬቱ ላይ ያው 1,000 ብር ነው፤ ብሩ ግን በዋጋ ንረቱና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያ ብር አይደለም። የትርፍ ክፍፍሉ ከንረቱ ካነሰ ባለድርሻው ከሰርኩ ሳይል ይከስራል።

የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ሄርሽ ሼፍሪንና ሜየር ስታትማን በ1985 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሰው ያተረፈውን ቶሎ ሸጦ የከሰረውን ታቅፎ ይቀመጣል። የሚበጀው ጥያቄ «በስንት ገዛሁት?» ሳይሆን «ገንዘቡ ዛሬ በእጄ ቢሆን ይህንኑ እገዛ ነበር?» የሚለው ነው። መሸጫው፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው።