ለሚጠፋ ማሳ ካሳ፣ ለሚጠበቅ ማሳ ግዴታ

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ዳርቻ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ከመንግሥት ስለ መሬቱ ገንዘብ የሚቀበለው ባብዛኛው መሬቱን ሲለቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከይዞታው እስከ መጨረሻው የተነሣ ገበሬ፣ ለንብረቱ ከሚያገኘው ካሳ ሌላ፣ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ 15 አሳደገው። ያው ገበሬ ማሳውን በእርከን ይዞ አፈሩ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ ቢከላከል ግን ምንም አያገኝም። ለዚህ የገንዘብ እጥረት ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስለኝም፤ ሕጉ ጥበቃን ከመነሻው የቆጠረው የባለይዞታው ዕዳ አድርጎ ነው።

የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 ይህን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ ነበረበት፣ መሬቱ ከተጎዳም የመጠቀም መብቱን ያጣ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዲታረስም ሆነ ልቅ ግጦሽ እንዲካሄድበት አይፈቅድም ነበር። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለመሸርሸር የተጋለጠ ማሳውን ከእርሻ ለሚያወጣ ገበሬ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚቆይ ውል በየዓመቱ ኪራይ ትከፍላለች። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተዳፋት ማሳውን ወደ ደን ለሚመልስ ገበሬ እህልና ገንዘብ ሰጥታለች።

እኛ ዘንድ ገንዘቡ የሚመጣው በሴፍቲኔት በር ነው። በ1997 ዓ.ም. የገጠሩ ፕሮግራም ወደ 5 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ በዚያ ክፍያ እርከን ተሠራ፣ ተራራም ተከለለ። በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። የቀን አበሉ 60 ብር ሲሆን ከዚያ ላይ 20 በመቶው ይቆጠብ ነበር። በአዲስ አበባ በጠዋት ጎዳና የሚጠርጉት፣ ቦይ የሚከፍቱትና ችግኝ የሚተክሉት ባብዛኛው ሴቶች የዚህ የከተማ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ናቸው። ተጠቃሚው የሚመረጠው በድህነቱ፣ ክፍያው የሚሰላው በሥራ ቀን ነው። በክረምት የተተከለ ችግኝ ባብዛኛው የሚሞተው በተከታዩ በጋ ነው፤ የዚያን ጊዜ መዳኑን ግን የክፍያ ዝርዝሩ አይጠይቅም።

«መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ታዲያ ለራሱ ንብረት ጥበቃ እንዴት ይክፈል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ለመጠቀም መብት መታጣት 15 እጥፍ የሚከፍል ሕግ፣ መብቱ በከፊል ሲገደብ መክፈልን በመርህ ሊቃወም አይችልም። ምሳሌውም አለ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ እንዲያገግም በማድረግ ሰባት የገበሬ ማኅበራት ለቆመ ደን ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አግኝተዋል። በአንጻሩ የኪራይ ክፍያ ባለመሬቱን እንጂ መሬት አልባውን አይደርስም፤ በዚህ ሴፍቲኔት ይሻላል፣ ከሁለቱ ግን አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

በኮልፌ ለእንዲህ ያለው ክፍያ ዋናው እንቅፋት የአስተዳደር ወሰን ነው። የትንሹ አቃቂ ወንዝ ገባሮች የሚነሡት ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ካለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ጎርፉና ደለሉ የሚያርፈው ግን በአዲስ አበባ ቤቶችና ቱቦዎች ላይ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ተዳፋቱን በሣርና በዛፍ ቢሸፍን የሚተርፈው ለታች ነዋሪ ነው። ክፍያ የሚኖረው ከተማው ከፋይ፣ ክልሉ ደግሞ ተዋዋይ ለመሆን ሲስማሙ ነው፤ ውሉም ከተሠራው ሜትር ይልቅ በበጋ ቆሞ የተገኘውን የሚቆጥር መሆን ይኖርበታል።