አዘዞና የ«ዓ.ም.» ጣጣ

አፄ ሱስንዮስ ያረፉት በ1625 ዓ.ም. መባቻ፣ በወርኃ መስከረም ነው፤ የተቀበሩትም አዘዞ፣ ራሳቸው ባሠሩት በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን። የፈረንጅ መጻሕፍት ዓመቱን 1632 ይሉታል። ይህን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ከጎኑ «ዓ.ም.» የሚያስቀምጥ ጸሐፊ የሳተው ሰባት ዓመት ብቻ ነው ይባል ይሆናል፤ በአዘዞ ታሪክ ግን ከእነዚያ ሰባት ዓመታት የሚከብድ ዘመን ማግኘት ያስቸግራል። ኢየሱሳውያን ካህናት የተባረሩትም፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩትም በዚያው መካከል ነው። በስሕተቱ ከሄድን፣ ሱስንዮስ ያቀረቧቸው ካህናት ሲሰደዱና የልጃቸው ከተማ ሲሠራ አይተው ሞቱ ማለት ነው።

ነገሩ የገልባጭ ቸልተኝነት ብቻ ቢሆን «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ በበቃ ነበር። «ዓ.ም.» የተባለው ምሕፃረ ቃል ግን ራሱ ከአንድ በላይ ቆጠራ ተሸክሟል። ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስንል ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለውን፣ ሊቃውንቱ ዓመተ ሥጋዌ የሚሉትን መቁጠራችን ነው። በጥንት የግእዝ ጽሑፎች ግን ዓመተ ምሕረት በዐቢይ ቀመር ውስጥ የሚቆጠር ዓመት ነበር። የፀሐይ ዐውድ 28፣ የጨረቃ 19 ነው፤ ሲባዙ 532 ይሆናሉ፤ ቆጠራው እዚያ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አንዱ ቀመር የገባው በ1341 ስለሆነ፣ ሱስንዮስ ያረፉበት ዓመት በዚህ ስሌት 285 ነው። ንጉሥ ሳይጠራ «285 ዓመተ ምሕረት» የሚል ብራና ቢገኝ ግን 1625ም፣ በቀደመው ቀመር 1093ም ሊሆን ይችላል።

ዐውዱን ያየ አይስትም የሚል ሙግት አለ። እውነት ነው፣ በላቲኑ «ሲ» እና «ኢ» የተባሉት ሁለት ፊደላት ለኬሚስት ሴሪየም የተባለው ንጥረ ነገር ምልክት ናቸው። ለምዕራቡ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ እነዚሁ ፊደላት «የጋራ ዘመን» ናቸው። ሁለቱ ሙያዎች ስለማይገናኙ ግን ማንም አይደናገርም። የ«ዓ.ም.» ፍቺዎች እንዲህ የተራራቁ አይደሉም፤ ሁሉም ከዓመት ቁጥር ጎን፣ በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። ኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ አጽዋማትና በዓላት በሮም አቆጣጠር እንዲውሉ ማዘዛቸው ለሕዝቡ ቁጣ አንዱ ምክንያት ስለነበር፣ በተለይ ያን ዘመን ስንጽፍ የማን ቆጠራ እንደሆነ መለየት የታሪኩ አካል ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ይህንኑ 1625 ከዓለም ፍጥረት ቆጥሮ 7125 ዓመተ ዓለም ብሎ ሲጽፍ ቀመሩ ስንተኛው ነው የሚል ጥያቄ አይነሣበትም ነበር፤ አዘዞን የሚመለከቱ መጻሕፍትም ቢያንስ በመጀመሪያው ገጻቸው «ዓ.ም.» የትኛው ቆጠራ እንደሆነ በሙሉ ቃል ሊነግሩን ይገባል።