የእናት ጡት ወተት የመዘገበው ታሪክ



የሦስት ወር ሕፃን የምታጠባ አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኘ የሚል ነገር አነበብኩ። እውነት ነው? ልጄን እየመረዝኩት ነው እንዴ? ጡት ላስጥለው?»

«አታስጥይው» ብዬ በአንድ ቃል መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ያነበበችው ነገር ሐሰት አይደለም። እውነት የሆነን ነገር ደግሞ «ዝም ብለሽ አትስሚ» ማለት ጭንቀት አያስወግድም። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወት ያተረፈው ዱቄት

ዲዲቲ ተባይ የመግደል ኃይል እንዳለው የታወቀው በ1939 ነው። ይህን ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር በ1948 የሕክምና ኖቤል ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ የሚያስገርም አልነበረም። ዲዲቲ ታይፈስ የሚያስተላልፈውን ቅማልና ወባ የምታስተላልፈውን ትንኝ ገድሎ ብዙ ሕይወት አትርፏል። በአገራችንም የወባ ሠራተኞች መርጫ ተሸክመው ቤት ለቤት ግድግዳ ሲረጩ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ።

ችግሩ የመጣው ከዚያው ከጥንካሬው ነው። ዲዲቲ ቶሎ አይፈርስም። በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል። በመኖ ወደ ከብት፣ በወተትና በሥጋ ወደ ሰው ሲያልፍ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የጡት ወተት ደግሞ የሚዘጋጀው እናት ለዓመታት በሰውነቷ ካከማቸችው ስብ ጭምር ነው። በ1951 አሜሪካ ውስጥ የእናቶች ወተት ሲመረመር ዲዲቲ መገኘቱ ታትሞ ወጣ። እናቶቹ እንደማንኛውም ሰው በየቤታቸው የሚኖሩ ሴቶች ነበሩ።

የንስሩ ላባ

በ1960ዎቹ ሶረን የንሰን የተባለ ስዊድናዊ ኬሚስት ዲዲቲን እየፈለገ ናሙና ሲመረምር ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። መሣሪያው ዲዲቲ ያልሆኑ፣ ምንነታቸው ያልታወቀ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ደጋግሞ አሳየው። ዓሣ ውስጥ አሉ፤ ንስር ውስጥም አሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደነበሩ ለማወቅ በቤተ መዘክር የተቀመጡ የድሮ ንስሮችን ላባ መረመረ። ንጥረ ነገሮቹ በ1940ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ላባ ላይ ተገኙ። ያ ጊዜ እንደ ዲዲቲ ያሉ ፀረ ተባዮች በስዊድን ከመስፋፋታቸው በፊት ስለሆነ ምንጩ ሌላ መሆኑ ታወቀ።

ምንጩ ፒሲቢ ነበር። ይህ በትራንስፎርመር ዘይት፣ በቀለምና በመሳሰሉት ውስጥ ይጨመር የነበረ የፋብሪካ ኬሚካል ነው። ማንም ሰው ወደ ሜዳ አልረጨውም፤ ከየዕቃው እያመለጠ አካባቢውን ሞላው። የንሰን የራሱን ቤተሰብ ፀጉርም መረመረ። ገና ጡት በምትጠባ ሕፃን ልጁ ፀጉር ውስጥ ሳይቀር አገኘው። ግኝቱ በ1966 ይፋ ሆነ።

አንድ ናሙና የዛሬን ብቻ ይነግረናል። ለዓመታት በጥንቃቄ የተቀመጠ ናሙና ግን ነገሩ መቼ እንደጀመረ፣ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ያሳያል።

በማቀዝቀዣ የቆየ ወተት

ስዊድናውያን ይህን በሚገባ ተጠቅመውበታል። ስቶክሆልም ውስጥ እናቶች የሚለግሱት ወተት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲመረመር ቆይቷል፤ ናሙናውም በማቀዝቀዣ ይቀመጥ ነበር። አገሪቱ በ1970ዎቹ ዲዲቲን ስታግድና ፒሲቢን ስትገድብ፣ በወተቱ ውስጥ የነበረው መጠን ከዓመት ወደ ዓመት ወረደ። የእገዳውን ውጤት በእናቶች ወተት ላይ ማየት ተቻለ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ተመራማሪዎች ያንኑ የተቀመጠ ወተት ለሌላ ንጥረ ነገር ፈተሹት። ይህ ንጥረ ነገር እሳት ቶሎ እንዳይዛመት በሶፋ ስፖንጅና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ የሚጨመረው ፒቢዲኢ ነው። ከ1972 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት መጠኑ በየ5 ዓመቱ እጥፍ ሲሆን ኖሯል። ገና ጥቂት ቢሆንም አካሄዱ አስደነገጠ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የአውሮፓ ኅብረት ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች በ2004 አገደ። በስዊድን እናቶች ወተት ውስጥ የነበረውም ከጊዜ በኋላ ቀንሷል።

ዓለምና እኛ

በ2001 አገሮች የስቶክሆልም ስምምነትን ተቀበሉ። ስምምነቱ በቀላሉ የማይፈርሱ 12 በካዮችን በማገድና በመገደብ ጀመረ፤ ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ እየረዘመ ነው። ዲዲቲ ግን እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል በገደብ ተፈቀደ። ስምምነቱ መሥራቱ የሚታወቀው በየጊዜው አየርን እንዲሁም የእናት ወተትን ወይም የሰው ደምን በመለካት ነው። ለወተቱ ጥናት በየአገሩ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከሚያጠቡ እናቶች ናሙና ይሰበሰባል። የመጀመሪያ ልጅ የሚመረጠው፣ እናት ባጠባች ቁጥር በሰውነቷ ያለው ክምችት ስለሚቀንስ፣ አገርን ከአገር ለማወዳደር እንዲመች ነው። ኢትዮጵያም ናሙና ሰጥታለች።

እናታችን ያነበበችው ዓይነት ውጤት ከአገራችን የወጣው እንዲህ ነው። በ2013 በታተመ ጥናት ከጅማ፣ ከሰርቦና ከአሰንዳቦ በተወሰደ የእናትና የላም ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል። የሚጠቡ ሕፃናት በቀን የሚያገኙት መጠንም ከተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በላይ ሆኖ ተገምቷል። ሌላም ነገር ታይቷል። ዲዲቲ ከጊዜ በኋላ ዲዲኢ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጣል። ያልተለወጠው ከተለወጠው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ፣ መርዙ የድሮ ቅሪት ብቻ ሳይሆን በቅርቡም ሥራ ላይ እንደነበረ ያመለክታል። የጅማ አካባቢው ውጤት እንዲህ ነበር። በእርግጥ ትንኟ ስለተላመደችው፣ አገራችን ለቤት ርጭት በሌላ መድኃኒት ተክታዋለች።

ታዲያ ጡት ላስጥል?

እህቴ፣ አታስጥይ። ሐኪሞች ወተትን የመረጡት ከሌላው ምግብ የበለጠ መርዛማ ስለሆነ አይደለም። ስብ ስላለውና ያለ መርፌ ስለሚገኝ፣ የመላውን ኅብረተሰብ ሁኔታ የሚያሳይ መስታወት ስለሆነ ነው። መስታወቱ ላይ ጥላሸት ቢታይ የሚታጠበው ፊት ነው። ለዓመታት ይህን ወተት የመረመሩት የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝነው ጡት ማጥባት ይቀጥል ብለዋል። ጡት የተከለከለ ሕፃን ለተቅማጥ፣ ለሳንባ ምችና ለምግብ እጥረት ይጋለጣል። ይህ ደግሞ ዛሬ በየክሊኒካችን የምናየው አደጋ ነው።

ልታደርጉት የምትችሉት ይህ ነው፦

✔ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ አጥቡ።
✔ ስሙና ምንጩ የማይታወቅ ፀረ ተባይ ለቤት፣ ለእህል ወይም ለጫት አትጠቀሙ።
✔ የፀረ ተባይ ጀሪካን ቢታጠብም ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ አይሆንም።
✔ የትራንስፎርመር ዘይት ለምግብም ለቁስልም አትጠቀሙ።
✔ ላስቲክና ፕላስቲክ በግቢ ውስጥ አታቃጥሉ።

የስቶክሆልም እናቶች ወተት የወረደው እናቶቹ ማጥባት ስላቆሙ አይደለም። እነሱ ማጥባታቸውን ቀጠሉ፤ የቆመው መርዙ ነው። እኛም ልናስቆመው የሚገባን እሱን ነው።

 ለሚያጠቡ እናቶች ሁሉ አጋሩ።