የነሐሴ ንባብ፦ ያፈቀረ ሰው ቤቱ አይቀመጥም

ነሐሴ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉና የወሩን ንባብ ላውጋችሁ። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል እጄ የሄደው ወደ ፍቅርና ወደ ተአምር መጻሕፍት ነው። አዲስ አይደሉም፤ አንዳንዶቹን ብዙዎቻችሁ ገና በተማሪነታችሁ ጨርሳችኋቸዋል። ጎን ለጎን አድርጌ ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። በእኛ መጻሕፍት ውስጥ ያፈቀረ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ፍቅር መንገድ ያስወጣዋል። ተአምሩም ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ አንዳንዴ መንገደኛውን ይሸከመዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥሎት ይጠፋል።

የመጀመሪያዋ መንገደኛ ንግሥት ናት። ክብረ ነገሥት ለብዙዎቻችን የእምነትና የመንግሥት መጽሐፍ ነው፤ ያንን ክብሩን እንደያዘ፣ እኔ በዚህ ወር እንደ ፍቅር ታሪክ አነበብኩት። ነገሩ የሚነሣው ከነጋዴ ወሬ ነው። ታምሪን የተባለ ባለ ብዙ ግመልና ባለ ብዙ መርከብ ነጋዴ ከኢየሩሳሌም ተመልሶ የንጉሥ ሰሎሞንን ጥበብ ሲያወራ ንግሥቲቱ ማክዳ ትሰማለች። ደግማ ታስወራዋለች። ወሬው እንቅልፍ ይነሣትና ጓዟን ጭና ትነሣለች። መጀመሪያ የወደደችው ሰውየውን ሳይሆን ጥበቡን ነው።

ከዚያ ያቺ ሌሊት ትመጣለች። ሰሎሞን ጥም የሚያስነሣ፣ ቅመም የበዛበት ምግብ አቅርቦላታል። በግድ እንዳይነካት አስምላዋለች፤ እሱም በተራው ከቤቱ አንዳች ነገር እንዳትወስድ አስምሏታል። ንግሥቲቱ ሳቀች፤ አገር ሙሉ ሀብት ያላት ሴት የሰው ዕቃ ምን ልታደርግ! ሌሊት ግን ጉሮሮዋ ደረቀ። ንጉሡ ተኝቷል ብላ ቀስ ብላ ተነሥታ ውሃውን ስታነሣ፣ ለካ ነቅቶ ሲጠብቅ ኖሮ እጇን ያዝ አደረገው። ውሃ ብቻ እኮ ነው ብትለው፣ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ምን አለና ብሎ ረታት። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ለማክዳ እቆረቆራለሁ። ጥበብ ፍለጋ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ የመጣች ሴት በዚያው ጥበብ ስትጠመድ ማየት ያማል።

ተአምሩ የሚመጣው ከዚያች ሌሊት በተወለደው ልጇ ጊዜ ነው። የአባቱን ቀለበት ይዞ ኢየሩሳሌም ሄዶ የነበረው ልጅ ሲመለስ፣ ታቦተ ጽዮንን የያዙት ሠረገሎች ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይላሉ። ከፊት ቅዱስ ሚካኤል አለ። የ13 ቀን መንገድ ባንድ ቀን ይገባል፤ ሰውም ከብቱም ድካም የሚባል አያውቀውም። እናት በወሬ ተነሥታ በጥም የተረታችበትን መንገድ ልጅ በነፋስ ተመለሰበት።

ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ዘልዬ ጦቢያን አነሣሁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳር ሰው ነው፤ ዘጌ ተወልዶ፣ አውሮፓ ሥዕል ተምሮ፣ ኋላም ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማረ። ይህችን መጽሐፍ ሮም ያሳተማት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ናት። ደራሲው በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር መወገኑን አልረሳሁም፣ አትርሱትም። መጽሐፏ ግን ከዚያ በፊት የተወለደች ናት፤ በራሷ እግር ትቆማለች።

ታሪኩን ስሙኝማ። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይሸነፋል፣ ይማረካል። የማያውቀው ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ሰውየው መንትያ ልጆች አሉት፤ ዋሕድና ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ካልመለስኩ ብሎ ይወጣና መንገድ ላይ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። አባትና ሴት ልጅ ፍለጋ ይነሣሉ፤ ጦቢያ ለመንገዱ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። እየዞሩ አረማዊ ንጉሥ ከሚገዛው አገር ሲደርሱ፣ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ያንን መልከ መልካም ‹ጎረምሳ› አይታ ልቧ ይጠፋል። አሁን ጦቢያ ምን ታድርግ? እውነቱን ብታወጣ ራሷን ልታጋልጥ፤ ዝም ብትል የሰው ልብ ልትሰብር። እኔ መጽሐፏን የምወድላት ለዚህች ለጭንቋ ነው። ሌላው ሁሉ ሲፈልግ ሲፈለግ፣ እሷ ባልሆነችው ሰው ስም ተፈቅራ ተጨነቀች።

መጨረሻው ሠርግ በሠርግ ነው። ምስጢሯ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ያገባታል፣ ይጠመቃል፤ ልጅቱም መንትያውን ዋሕድን ታገኛለች። አጋጣሚው በዛ ብለው የሚነቅፉ አሉ። እኔ አልስማማም። እዚህ ሠረገላ ከመሬት የሚያነሣ መልአክ የለም፤ የመልአኩን ሥራ አጋጣሚ ይሠራለታል። አፈወርቅ መንገደኞቹን ሜዳ ላይ ሊጥላቸው አልጨከነም።

የጨከነው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ዛሬም ዓይኑ ሲያነብ ጆሮው የወጋየሁን ድምፅ ይሰማል፤ እኔም ከዚያ ድምፅ ተለይቼ ላነበው አልቻልኩም። በዛብህ ሳይጠየቅ በወላጆቹ ስለት ለእግዜር የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሴት ላያገባ፣ ትዳር ላይዝ። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ታዛዥ ናት። የጠየቃት ሁሉ ትውልዱ አነሰ እየተባለ ሲመለስ ዕድሜዋ እየገፋ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ሁለቱንም ያሰራቸው ሌላ ሰው የተናገረው ቃል ነው፤ አንዱን ስለት፣ አንዷን ኩራት። እንዲያ ሆነው ፊደል በማስተማር ሰበብ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ።

በዚህ ወር ቀስ ብዬ ያነበብኩት እነዚያን የትምህርት ሰዓቶች ነው። አስተማሪው ዓይኑን ከመጽሐፉ ለማንሣት ይፈራል፤ ተማሪዋ ዓይኗን ወደ መጽሐፉ ለመመለስ ትቸገራለች። ምንም አልተባለም። ሐዲስ አይቸኩልም፤ ዝምታውን እንደ ባለሙያ ፈታይ ቀጭን አድርጎ ይስበዋል፣ ሳይበጥሰው። ዛሬ የፍቅር ልብ ወለድ የሚጽፉ ወጣቶች ሁሉ ይህን ክፍል ቁጭ ብለው እንዲያጠኑት እለምናለሁ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ‹እወድሻለሁ› ከሚባልበት መጽሐፍ ይልቅ እዚህ ያልተባለው ይበልጥ ያቃጥላል።

ከዚያ መንገዱ ይመጣል። ፍቅራቸው ሲታወቅ በዛብህ ነፍሱን ለማዳን ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ኋላ ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ ትከተለዋለች። እንደ ማክዳ፣ እንደ ጦቢያ፣ እሷም መንገደኛ ሆነች። ግን የሚያነሣት ሠረገላ የለም። የሚያገናኛት ደግ አጋጣሚም የለም፤ ያለው አጋጣሚ ክፉ ነው። እሷን ፍለጋ የተነሣውን በዛብህን ሽፍቶች አቁስለውት፣ የምትደርሰው ሊሞት ሲል ነው። እሷ ትመነኩሳለች፤ እውነት በመናገሩ እብድ የተባለው ጉዱ ካሣም በመጨረሻ ከሁለቱ ጎን ያርፋል። ሐዲስ መልአኩን ከመንገዱ ያስወጣው አምላክን ክዶ አይመስለኝም። ሰው የሠራውን በደል ተአምር እንዲሸፍንለት ስላልፈለገ ይመስለኛል። በዛብህ በነፋስ ተጭኖ ቢደርስ ኖሮ ፊታውራሪ መሸሻ ምንም ባልተጠየቁ ነበር።

በኦሮማይ ደግሞ መንገዱ በአውሮፕላን ነው። የበዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይገባል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ፍቅሩ በዘመቻ መግለጫና በስለላ መሐል የሚተነፍስ ነው፤ ማን ለማን እንደሚሠራ በማይታወቅበት ከተማ ሰው ማመን ራሱ ድፍረት ይሆናል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ ኦሮማይን እንደ ሌላው የፍቅር መጽሐፍ ማንበብ አይቻልም፤ እኔም አልሞከርኩም።

ዴርቶጋዳን በፍጥነት ነው ያነበብኩት፤ መጽሐፉም የተጻፈው ለፍጥነት ነው። ይስማዕከ ወርቁ የጣናን ገዳማት ከሳይንስና ከስለላ ጋር አጋብቶ ተአምሩን መልሶ አመጣው፤ ያውም አፈወርቅ ወደተወለደበት ሐይቅ። ስንት ወጣት ከንባብ ጋር ያስታረቀ መጽሐፍ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ገጸ ባሕርያቱ ግን ሩጫቸውን ገታ አድርገው እንዲተያዩ እመኝላቸው ነበር።

ከአምስቱ አንዱን ምረጥልን የምትሉኝ ካላችሁ፣ ጦቢያን ይዛችሁ ቤተሰብ መሐል ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አጭር ናት፣ ልጆችም ይሰሟታል። ለመስከረም ደግሞ የበዓሉን ከአድማስ ባሻገር አስቀምጫለሁ። የሱ ሰው አበራ መንገድ አይወጣም፤ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቢሮውና ቤቱ መሐል ሆኖ ነው የሚያፈቅረው። መንገድ የሌለበት ፍቅር ምን እንደሚሆን አብረን እናያለንና መጽሐፉ ያላችሁ ጀምሩት፤ የሌላችሁም ከወዳጅ ተዋሱና ጠብቁኝ።