ዝምተኛው ደረሳ እና ኢብኑ ኸልዱን



አንድ ልጅ ለዓመታት ቀርቶ «አልገባውም» ሲባል ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ የአስቀሪው? ይህን ጥያቄ በስፋት ካነሱ ዑለማእ አንዱ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ኸልዱን (ረሒመሁላህ) ናቸው። በ1332 እ.ኤ.አ. በቱኒስ ተወልደው በ1406 በካይሮ ያረፉት እኚህ ሊቅ፣ በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ለትምህርት ጉዳይ በርካታ ምዕራፎችን ሰጥተዋል።

ከሁሉም ያስደነቀን የሁለት ሀገር ንጽጽራቸው ነው። በመግሪብ ደረሳ በመድረሳ እንዲቀመጥ የተወሰነለት ጊዜ 16 ዓመት ሲሆን በቱኒስ ግን 5 ዓመት ነበር። የመግሪቡ ደረሳ ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፤ ሒፍዙ እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ነበር። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሸሁ ፊት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አይጠይቅም፣ አይከራከርም። ጨረሰ ሲባል ደግሞ ሲናገርም ሲያስተምርም ይደናገራል። ኢብኑ ኸልዱን ጉድለቱን ያዩት በአቀራሩ እንጂ በልጁ አእምሮ አይደለም። ዕውቀትን ለማጎልበት ቀላሉ መንገድ ውይይትና ክርክር ነው ይላሉ።

እሳቸው የመረጡት መንገድ አንዱን ዕውቀት ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው። መጀመሪያ ዋና ዋናው ነገር በአጭሩ፣ ቀጥሎ ከነማብራሪያውና ከነልዩነቱ፣ በሦስተኛው ያልተፈታ ነገር ሳይቀር። ሆኖም አላህ ያገራለት ተማሪ ከዚያ ባነሰም ሊደርስ እንደሚችል አልዘነጉም። በልጆች ላይ የሚፈጸም ጭካኔም ወደ ስንፍና፣ ወደ ውሸትና ወደ ተንኮል እንደሚገፋ ጽፈዋል፤ አለንጋ ይዞ ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

በዘመናችን ልጆችን «በዓይኑ የሚማር»፣ «በጆሮው የሚማር» ብሎ መክፈል ተለምዷል። በ2008 እ.ኤ.አ. አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የቀረቡትን ጥናቶች መርምረው፣ እንዲህ ከፋፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኙም። እኛም ልጁን በአንድ ስም ከማሰር ይልቅ መናገሩንና መጠየቁን ማየት ይሻላል እንላለን። የወሎ ደረሳ ለነሕው ወደ አንዱ ሸህ፣ ለፊቅህ ወደ ሌላው ሲጓዝ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሙጧለዓ ሲያደርግ፣ የመግሪቡን ዝምታ ያመልጥ ነበር።

የልጆች አጀማመርም በየሀገሩ ይለያይ ነበር። መግሪቦች ቁርኣንን ብቻ ያስቀራሉ፤ አንደሉሶች ግጥም፣ ዐረብኛና የእጅ ጽሕፈት ይጨምሩበታል፤ በኢፍሪቂያ ሐዲስ ይታከልበታል። የአንደሉሱ ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ ደግሞ ዐረብኛና ግጥም፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከዚያ በኋላ ቁርኣን ይሁን አሉ፤ ልጅ ያልገባውን ይዞ እንዳያነበንብ። ኢብኑ ኸልዱን ሐሳቡን አወድሰዋል። ግን ወላጆች ልጁ ጎርምሶ ከእጃቸው ሳይወጣ ቁርኣንን ሊያስይዙት ይሻሉ፤ ልማዱም አሸነፈ። ልጁ በትምህርቱ እንደሚገፋ የተረጋገጠ ቢሆን ኖሮ ግን የቃዲው መንገድ ለምሥራቁም ለምዕራቡም የተሻለ በሆነ ነበር ብለዋል። ወላሁ አዕለም።