የባሮ ወንዝ ታሪክና ጥቅም

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ምጽዋና ስለ ጅቡቲ ወደቦች ብዙ ተምረናል። አገራችን በምዕራብ በኩልም የመርከብ ወደብ እንደ ነበራት፥ ይኸውም በቆላው ጫካና በረጅሙ ሣር መካከል በሚፈስ ወንዝ ዳር እንደ ነበረ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ ባሮ ወንዝ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ባሮ ከምዕራብ ደጋ የሚወርዱት የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው የሚፈጥሩት ነው። የጋምቤላን ቆላ አቋርጦ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ጠረፍ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተፈቀደ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ውሉ ይከለክላል፤ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ። ከደጋው ቡና፥ ሰምና ቆዳ በጭነት ከብት እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይላክ ነበር፤ ከዚያም ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙም ንግድ እያደር ደከመ።

መርከቦቹ እስከ ጋምቤላ የሚደርሱት በክረምት ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር። በበጋ ውሃው ሲያንስ ነጋዴው ክረምትን ይጠብቃል። ለአገሩ ሰው ግን የውሃው መጉደል ራሱ በረከት ነው። አኙዋኮች ጎርፉ ትቶት በሄደው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። ኑዌሮች በክረምት ከብቶቻቸውን ወደ ከፍተኛ ቦታ ያወጣሉ፤ በበጋ ደግሞ ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዙ ይመልሳሉ።

አራዊቱም እንደዚሁ ናቸው። ጉማሬና አዞ በወንዙ ውስጥ ይኖራሉ። ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በታላቅ መንጋ ሆነው ሣርና ውሃ እየተከተሉ በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል ይመላለሳሉ፤ ጠረፍ አያግዳቸውም። ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት ረግረግም ለብዙ ዓይነት ወፎችና ዓሦች መኖሪያ ነው።

እንግዲህ መርከቡ ሲቀር የባሮ ጥቅም አልቀረም። ለሰውም ለአራዊትም የሚያስፈልገው የውሃው መሙላትና መጉደል በወቅቱ መሆኑ ነው። ይህም ከቆላው ርቆ በደጋው ይጀምራል። የደጋው ደን ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ በቀስ ይለቀዋል፤ ደኑ ሲመነጠር ግን አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል፥ በበጋም ምንጩ ይደክማል። በደጋ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው በጋምቤላ የሚዘራውን ገበሬ አያየውም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱን አንድ ወንዝ ያገናኛቸዋል። እኛ ተማሪዎች ይህን ተረድተን ለወላጆቻችንና ለታናናሾቻችን ብናስረዳ፥ የተማርነው ትምህርት ለአገር ጠቀመ ማለት ነው።